አውራው ስልክ በፎገራ ሜዳ፦ ይገዛ ወይስ ይቅር?

ይገዛ

አውራ ስልክ የሚባለው አንድ ኩባንያ በዚያ ዓመት የደረሰበትን ሁሉ ያሳረፈበት ስልክ ነው። ሳምሰንግ በጥር 2016 ዓ.ም. ያወጣው ጋላክሲ ኤስ24 አልትራ ከአንድሮይድ ስልኮች ጥሩ ማሳያ ይሆናል። 6.8 ኢንች ስክሪን፣ 200 ሜጋፒክሰል ዋና ካሜራ፣ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪና የታይታኒየም ክፈፍ አለው። ገዢ አብዝቶ የሚጠይቀው ስለ ካሜራው ነው፤ ትልቁ ጥቅም ግን ለዓይን አይታይም። ኩባንያው ለዚህ ስልክ ለሰባት ዓመት አዳዲስ የአንድሮይድ እትሞችንና የደኅንነት ማሻሻያዎችን ለመላክ ቃል ገብቷል።

የዚህ ቃል ዋጋ በአማራ ክልል ባለው የፎገራ የሩዝ ሜዳ ከፍ ያለ ነው። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የገጠሩም የከተማውም ገንዘብ ወደ ስልክ እየገባ ነው። የወረታ ከተማ ሩዝ ነጋዴ ለጫኝ፣ ለፈልፋይና ለገበሬ የሚከፍለው ብር በመተግበሪያ ያልፋል። በአንድሮይድ ላይ ሌባ ሊገባበት የሚችል ክፍተት በየጊዜው ይገኛል፣ በየጊዜውም ይደፈናል፤ የሚደፈነው ግን አምራቹ ማሻሻያ ለሚልክለት ስልክ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ርካሽ ስልኮች በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ያጣሉ፤ ባለቤታቸው ግን መጠቀሙን አያቆምም። የዓመት ምርቱን ዋጋ በኪሱ ይዞ ለሚዞር ሰው ይህ ከካሜራም ከስክሪንም በላይ ሊያሳስበው ይገባል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ፀሐይ ነው። ሜዳው ዛፍ ብዙም የለበትም፤ በኅዳር አጨዳ ጊዜ እኩለ ቀን ላይ የርካሽ ስልክ ስክሪን ጥቁር መስታወት ይመስላል። የኤስ24 አልትራ ስክሪን እስከ 2,600 ኒት ይበራል፣ መስታወቱም ነጸብራቅ እንዲቀንስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ገዢና ሻጭ አውድማ ላይ ቆመው ክፍያው መግባቱን አብረው ማንበብ ይችላሉ።

ካሜራውም ለሠርግ ፎቶ ብቻ አይደለም። የሩዝ ቅጠል ላይ የወጣ ነጠብጣብ ከሩቅ ሲታይ በሽታም የማዳበሪያ እጥረትም ሊመስል ይችላል፤ ጥርት ያለ ፎቶ ያየ የግብርና ባለሙያ ግን ማሳው ድረስ ሳይመጣ ብዙ መገመት ይችላል። ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ በመሆኗ እንዲህ ያለውን ዕውቀት ያላቸው ሰዎች ሩቅ አይደሉም። በመጨረሻም ውሃ አለ። ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ገበሬው ውሃ በቆመበት ማሳ ውስጥ ገብቶ ያርማል። ስልኩ 1.5 ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ይቅር

ይህ ሁሉ የስልኩ ችሎታ ነው፤ ችሎታው ግን ፎገራ ሲደርስ ግማሹ ሥራ ይፈታል። ከዋጋው መጀመር ይገባል። ስልኩ ለገበያ ሲቀርብ መነሻው 1,299 የአሜሪካ ዶላር ነበር። አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይህ ወደ 74 ሺህ ብር ይጠጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀና በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ካለፈ በኋላ ያው 1,299 ዶላር ከ130 ሺህ ብር በላይ ሆነ፤ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይታሰብ። ለገበሬ ቤተሰብ ይህ የመስኖ ፓምፕ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ገንዘብ ነው።

ዋጋው አንድ ጊዜ ተከፍሎ አያበቃም። የቴክኖ ስልክ ከአሥር ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ሲገጣጠም ስለኖረ በትንሽ ከተማ ያለ ስልክ ጠጋኝም ያውቀዋል፤ ስክሪኑና ባትሪው ይገኛል። የአውራው ስልክ ስክሪን ቢሰበር በወረታና በአዲስ ዘመን መካከል ያለችው ይፋግ ኗሪ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ድረስ መፈለግ ይኖርበታል፤ እዚያም ትክክለኛው ዕቃ ሲገኝ ዋጋው አንድ ሌላ ደህና ስልክ ይገዛል። መንገድ በማያስተማምንበት ጊዜ ደግሞ ጉዞው ራሱ ከባድ ነው።

የውሃ መከላከያው በቤተ ሙከራ የተለካው በረጋ ንጹሕ ውሃ ነው። የርብ ጎርፍ ጭቃ ነው። የመከላከያው ማሸጊያ በዕድሜ ይላላል፤ ስልኩ አንድ ጊዜ ለጥገና ከተከፈተ ደግሞ እንደ ፋብሪካው አድርጎ የሚዘጋው ጠጋኝ ማግኘት ብርቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ስልኩ የተነፈገው ነገር ነው። አውራው ስልክ ኤፍኤም ራዲዮ የለውም፣ የጆሮ ማዳመጫ ሽቦ መሰኪያ የለውም፣ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያም የለውም። በገጠር ዘፈን፣ ስብከትና ፊልም ከሱቅ በሚሞሪ ይጫናል፤ ዜናም የአየር ጠባይም በራዲዮ ይሰማል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ ራዲዮና ሚሞሪ ያለው ርካሽ ስልክ ለባለቤቱ መረጃ ማቀበሉን አላቋረጠም። ቴሌብርም ያለ ኢንተርኔት በ*127# በባለ ቁልፍ ስልክ ይሠራል።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ብዙ ተነግሯል። ስልኩ ሲወጣ ጥሪን እየሰማ የሚተረጉምባቸው 13 ቋንቋዎች ነበሩ፤ አማርኛ ከነሱ አንዱ አልነበረም። ጎግል ትራንስሌት ግን አማርኛን በ2008 ዓ.ም. የጨመረ ሲሆን በርካሽ አንድሮይድም ላይ ይሠራል። ባትሪውም ቢሆን 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው፤ ዋጋቸው የእሱን አንድ አሥረኛ የማይሞላ ብዙ ስልኮችም ይህንኑ ይይዛሉ። በፍጥነት የሚሞላው ባለ 45 ዋት ቻርጀር በካርቶኑ ውስጥ አይመጣም።

የይገዛ ወገን ምላሽ

130 ሺህ ብር ለሰባት ዓመት ሲካፈል በዓመት ወደ 18,500 ብር ይመጣል። በየሁለት ዓመቱ ርካሽ ስልክ የሚቀይር ነጋዴ ጠቅላላ ወጪውን ቢደምር ልዩነቱ ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ አውራውን ስልክ የያዘ ደግሞ በመካከል ያለ ደኅንነት ማሻሻያ የሚቆይበት ጊዜ የለም። የራዲዮና የሚሞሪ ክርክር ግን እውነት አለው፤ ለዚህ መልስ የለም። ለሁሉም ሰው ይገዛ ማለትም አይቻልም። ብዙ ገንዘብ በስልኩ የሚያንቀሳቅስ፣ በፎቶና በቪዲዮ የሚተዳደር፣ ሥራው ሜዳ ላይ የሆነ ባለሙያ ግን ሊገዛው ይገባል። ዋጋው የሚከብደው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያገለገለውን በግማሽ ዋጋና ከዚያም ባነሰ ሊያገኘው ይችላል።

የይቅር ወገን መልስ

የሰባት ዓመቱ ሒሳብ ባትሪውን ይረሳል። የሊቲየም ባትሪ ከ500 እስከ 800 ጊዜ ያህል ከተሞላ በኋላ የመያዝ አቅሙ በግልጽ ይቀንሳል፤ በየቀኑ ለሚሞላ ስልክ ይህ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ሰባቱን ዓመት ለመዝለቅ ባትሪው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መቀየር ይኖርበታል፤ ለዚያም በሙጫ የተጣበቀ ጀርባ ይከፈታል፣ የውሃ ማሸጊያውም ይነካል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ከነዚህ ችግሮች መካከል ይጀምራል። ሦስት ዓመት የሞላው ስልክ ከሰባቱ የማሻሻያ ዓመታት ሦስቱ አልፈውበታል፤ ቀደም ያሉት የሳምሰንግ አውራ ስልክ ትውልዶች ደግሞ ሰባት ዓመት ጨርሶ ቃል አልተገባላቸውም። ያም ሆኖ መግዛት የፈለገ ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የመጨረሻው የደኅንነት ማሻሻያ የደረሰበትን ቀን ማየት፣ ባትሪው በቀን ምን ያህል እንደሚቆይ መፈተንና ስክሪኑ ተቀይሮ እንደሆነ ለሚያውቅ ጠጋኝ ማሳየት ይኖርበታል።