“አውቃቸዋለሁ” የሚል ሰው ቦታ ይኑረው

ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ጥቅም እንዳለው አልክድም። ከገጠር የመጣ ሰው የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ አምጣ እየተባለ ሲንከራተት አይቻለሁ። ብዙ የቀበሌ መታወቂያዎች ላይ ብሔር ይጻፍ ነበር፤ ፋይዳ ግን ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም። ቤልጂየሞች በፈረንጆቹ 1930ዎቹ በሩዋንዳ መታወቂያ ላይ ያሰፈሩት የጎሣ ስም በ1994 በየኬላው ስንቱን እንዳስገደለ የሚያውቅ ይህን ቀላል ነገር አይለውም።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ምስል የሚወስደው ማሽን “አልቀበልም” ያለው ሰው ለማን አቤት ይበል?

እናቴ ያሳደገችን ለሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች ነው። የእንጀራውን ጠርዝ ከምጣዱ የምታላቅቀው በጣቷ ስለሆነ የጣቶቿ ጫፍ ከጊዜ ብዛት ልሙጥ ሆኗል። ቤይሩት ያለችው እህቴ የምትልከውን ገንዘብ በእኔ ስም መቀበሉ ሰልችቷት እናቴ በራሷ ስም ሒሳብ ልትከፍት ፈለገች። ብሔራዊ ባንክ ለአዲስ ሒሳብ ፋይዳን ግዴታ አድርጓል፤ የሄድንበት ቅርንጫፍም ምዝገባውን እዚያው ያካሂዳል። ሁለቱንም በአንድ ቀን እንጨርሳለን ብለን ሄድን። መዝጋቢዋ ልጅ መስታወቱን በሶፍት ጠረገች፤ የእናቴን እጅ ሎሽን ቀባች፤ “እማማ፣ ትንሽ ጠበቅ አድርገው ይጫኑት” አለቻት፤ በመጨረሻ ጣቷን ራሷ ይዛ ተጫነችላት። ማሽኑ አሁንም አልተቀበለም። ሌላ ቀን ተመለሱ ተባልን።

በር ላይ የቆመው ጥበቃ የሰፈራችን ልጅ ነው። ከእናቴ እጅ ትኩስ እንጀራ በበርበሬ እየበላ ነው ያደገው። ገባ ብሎ “እኔ አውቃቸዋለሁ እኮ” አላት። ልጅቷም አመነችው፤ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ግን የእሱን ቃል የምታስገባበት ቦታ ስክሪኑ ላይ የለም። ለእንዲህ ያለው ችግር መመሪያው ውስጥ መፍትሔ ኖረም አልኖረም፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ካላወቀችው ለእናቴ የለም ማለት ነው።

ጣሊያናዊው ፈላስፋ ጆርጆ አጋምቤን በፈረንጆቹ 2004 ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ቀጠሮ ነበረው። አሜሪካ ለመግባት አሻራ ስጥ ስለተባለ ትምህርቱን ሰረዘ። መከራከሪያው፣ ድሮ በወንጀለኛ ላይ ብቻ ይፈጸም የነበረ ነገር ለሁሉም ሰው የተለመደ ሲሆን መንግሥት ሁሉንም ዜጋ በተጠርጣሪነት ማየት ይጀምራል የሚል ነው። እስማማለሁ። ነገር ግን አጋምቤን እምቢ ማለት ይችል ነበር። እናቴ እምቢ ብትል የልጇን ገንዘብ በስሟ አታገኝም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ጄምስ ስኮት ይመስለኛል። መንግሥታት ሕዝቡን ለመቁጠር፣ ለመቅረጥና ለማዘዝ እንዲመቻቸው የሰውን ኑሮ አቃልለው ይሥሉታል፤ ቆይተውም ከኑሮው ይልቅ ሥዕሉን ያምናሉ ይላል። በፈረንጆቹ 1998 ባሳተመው መጽሐፍ ከጠቀሳቸው ምሳሌዎች አንዱ የደርግ መንደር ምሥረታ ነው። ቤቶቹ በመስመር ተደርድረው ለሚጎበኛቸው ባለሥልጣን ያምሩ ነበር፤ ገበሬው ግን ከማሳው ራቀ፣ እህሉን ከአውሬ የሚጠብቅበት ጊዜ አጣ። ከተማው ውስጥም ቀበሌ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲቋቋም የቦታና የቤት ጉዳይ ማስፈጸሚያ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ያው ቀበሌ ስኳርና ዘይት በራሽን የሚታደልበት፣ በቀይ ሽብር ደግሞ የሰፈር ልጅ የሚታሰርበት ሆነ። በየትኛው ቤት ማን እንደሚኖር የሚያውቀው ያው ቀበሌ ነበር። ስለዚህ “ዛሬ ለበጎ ነው የምንሰበስበው” የሚለው መልስ አያረካኝም፤ ነገ መዝገቡን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው።

ፋይዳ የሚሠራበት ሞሲፕ የተባለው ሶፍትዌር የተጀመረው ሕንድ አገር፣ ባንጋሎር ነው። ሕንዶች አድሃር በተባለው መታወቂያቸው ለዓመታት ተካሰውበታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በፈረንጆቹ 2018 የመንግሥት ድጎማ በአድሃር መሰጠቱን ፈቀደ፤ ባንክና የስልክ ኩባንያ ግን ደንበኛን በአድሃር ማስገደድ አይችሉም ብሎ ወሰነ። እኛ ግን እነሱ የከለከሉትን ግዴታ ባንክ ላይ ጥለናል፤ ያውም እንዲህ ያለ የፍርድ ቤት ክርክር ሳናደርግበት። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ተከትሏል። መውጣታቸው ጥሩ ነው። ዳሩ ግን መረጃ ሰብሳቢውም ተቆጣጣሪውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆኑ ዜጋው በመሃል ብቻውን ነው።

“አውቃቸዋለሁ” የሚል ሰው ቃል ይቆጠር ስል፣ ምስክር በገንዘብ ይገዛል የሚሉኝ አሉ። ይገዛል፣ አይተናል። ሐሰተኛ ምስክር ግን ስም አለው፣ ይከሰሳል፣ ይታሰራል። እናቴን የመለሰው ማሽን በምን ይጠየቃል?

ስለዚህ አሻራው ያልተነበበለትን ሰው ፋይዳ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶቹ ፈርመውለት በዚያው ቀን እንዲስተናገድ መመሪያ ይውጣ፤ መመሪያውም በየመስኮቱ ይለጠፍ። የተመለሰ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይውጣ፤ ለምን እንደተመለሰና ማን እንደመለሰው የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠው። ያንን ወረቀት ይዞ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።