ቀስተ ደመና የለበሰ ብርጭቆ

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ጎድጓዳው ሳህን እንደ ወርቅ ቢያብረቀርቅላችሁ፥ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ገልብጣችሁ እግሩን ተመልከቱ።

በአሜሪካ፥ በዌስት ቨርጂንያ፥ በዊልያምስታውን ከተማ የነበረው የፌንተን ፋብሪካ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. በብረት ቅርጽ ተጭኖ በተሠራ ብርጭቆ ላይ፥ ገና ሳይበርድ የብረታ ብረት ጨው ያለበትን ውኃ ይረጭ ጀመር። ጨውም ስስ ሽፋን ሆኖ ስለሚቀር፥ ብርሃን ሲያርፍበት በውኃ ላይ እንደ ተንሳፈፈ ዘይት ኅብረ ቀለም ይሰጣል። የቲፋኒ ውድ ብርጭቆ የባለጸጋ ጌጥ ሲሆን፥ ይህኛው ግን ለድኻው ማዕድ ደረሰ። ኋላም በበዓል ጨዋታ ለአሸናፊ ይሰጥ ነበር ስለሚባል «ካርኒቫል» አሉት፤ ስያሜው ለእኛ ጆሮ እምብዛም አይጥምም።

ሰብሳቢን የሚያታልለው የፊቱ ኅብር ነው። የዕቃው ቀለም የሚነገረው ግን ከሽፋኑ ሥር ባለው ብርጭቆ ነው። እግሩን ወደ ብርሃን ብታቀኑት ሐምራዊ፥ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ማሪጎልድ የተባለው ብርቱካንማው እንኳ ከሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ቀለም የለውም።

ማኅተም ይልቁን ጥንቃቄን ይሻል። በዊሊንግ የነበረው ኖርዝውድ በብዙ ሥራው ላይ ከሥሩ የተሰመረበትን «ኤን» ፊደል ያትም ነበር። ፌንተን ግን በጥንቱ ሥራው ላይ ስሙን አላተመም፤ በሞላላ ክብ ውስጥ ማተም የጀመረው በ1970 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ያን ስም አይቶ «ጥንታዊ አገኘሁ» የሚል ገዢ የሚደሰተው በዕቃው አዲስነት ማስረጃ ነው።

የሲድኒው ክራውን ክሪስታል ሥራ ካንጋሩና ኢሙ የሚባለው ረጅም ወፍ ስለ ተቀረጹበት አገሩን ራሱ ይናገራል። የጀርመኑን ብሮክቪትስና የፊንላንዱን ሪሂማኪን ለመለየት ግን ዕቃውን ከፋብሪካዎቹ የቀድሞ የሥዕል መዝገብ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።