ውሻችሁ ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም። ስለ ውሻ ነው። «ዶክተርን ዛሬ ምን ነካው?» የምትሉ አትጠፉም። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ፍረዱኝ።

ሰሞኑን አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ሁላችንም ሥራ ስንሄድ ውሻችን ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። በሩን ቧጥጦ ጨረሰው፣ ምንጣፍ ላይ ይሸናል። ጎረቤት ሁሉ ተነሥቶብናል። ባለቤቴ ከከተማ አውጥቼ ልጣለው እያለ ነው። ወይስ በረንዳ ላይ እንሰረው? የሚያስተኛ ኪኒን ካለም ይንገሩኝ።»

አጭሩ መልሴ ይኸው፦ አትጣሉት፣ አትሰሩት፣ በኪኒን አታደንዝዙት። ረጅሙን ደግሞ እዚህ ልጻፈው፤ ብዙዎቻችሁ ቤት ያለ ችግር ነውና።

እኔ የሰው ሐኪም እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ይህን ችግር ግን በራሴ ቤት አይቼዋለሁ። ቡቺ እናቴ ግቢ ውስጥ ያደገ ውሻ ነበር። እናቴ እህቴ ጋ ስትገባ እኔ ኮንዶሚኒየም ይዤው ገባሁ። ተረኛ ሆኜ አድሬ ስመለስ በሩ ተቧጥጧል፣ ጫማዬ ተቦጫጭቋል፣ ሳሎኑ ሸትቷል። መታሁት። ጥግ ይዞ፣ ጆሮውን አጣጥፎ ሲያየኝ «ይኸው፣ ጥፋቱን ያውቃል» አልኩ።

አንድ ቀን አሮጌ ስልኬን መደርደሪያ ላይ አድርጌ፣ ቪዲዮ እየቀረጸ ትቼው ወጣሁ። ማታ ከፍቼ አየሁት። በሩን ከዘጋሁ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቡቺ ማለክለክ ጀመረ። ለሃጩ ይንጠባጠባል። ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ይመላለሳል። ከዚያ ማላዘን፣ ከዚያ ጥፍሩ እስኪደማ በሩን መቧጠጥ። ያስቀመጥኩለትን ሥጋ ዞር ብሎም አላየው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ «ልሞት ነው» እያሉ በድንጋጤ የሚመጡ ሰዎችን አክሜ አውቃለሁ። ስልኬ ላይ ያየሁትም ያንኑ ነው። በጣም አፈርኩ። ስመታው የነበረው በፍርሃት የሚሠቃይ ፍጡር ነው።

ይህ የመለያየት ጭንቀት ይባላል። ውሻው ብቻውን ሲቀር፣ ወይም አጥብቆ ከሚወደው ሰው ሲለይ፣ ከቁጥጥሩ ውጭ የሆነ ፍርሃት ይይዘዋል። በሩን የሚቧጥጠው ወጥቶ እናንተን ለማግኘት ነው። የሚሸናውም ሰው በፍርሃት ሆዱ እንደሚረበሸው ነው። እልህ የለበትም፣ በቀልም የለበትም።

«ታዲያ ስገባ ለምን ይሸማቀቃል?» ትሉ ይሆናል። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባሉ አሜሪካዊት የውሻ ባህርይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ መርምሯል። ውሾቹ ያን «የጥፋተኛ ፊት» ያሳዩት ባለቤቶቻቸው ሲቆጧቸው ነው፤ ጥፋት መሥራት አለመሥራታቸው ለውጥ አላመጣም። እንዲያውም ምንም ሳያጠፉ የተቆጡት ይበልጥ ተሸማቀቁ። ስለዚህ ያ ፊት «ይቅርታ» ማለት አይደለም፤ «ፈራሁህ» ማለት ነው። ከሰዓታት በኋላ ገብታችሁ ስትመቱት ዱላውን ጠዋት ከቧጠጠው በር ጋር አያገናኘውም። የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የእናንተ መምጣትም ያስፈራል። ፊት መሄዳችሁ ነበር የሚያስፈራው፣ አሁን ደግሞ መምጣታችሁ ተጨመረበት።

«ድሮ እንዲህ ያለ ነገር የት ነበር?» የሚሉ አባቶች አሉ። ድሮ ውሻው ግቢ ውስጥ ነበር የሚኖረው። ግቢ ደግሞ ሰው አይጠፋበትም፤ እናት አለች፣ ልጆች አሉ፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት አለ። አሁን ያንኑ ውሻ ፎቅ ላይ አውጥተን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እንቆልፍበታለን። ውሻ ከሰው ጋር ሊኖር የተላመደ እንስሳ ነው። የተለወጠው የእኛ አኗኗር ነው፤ ሲቸገር ግን «አመለኛ» የምንለው እሱን ነው። «አቀማጥለኸው ነው» ለሚሉም፣ ውሻን ማቀፍና መውደድ ይህን ሕመም አያመጣም። የቤት መቀየር፣ የቤተሰብ ሰው መለየት፣ ለወራት አብሮ ከርሞ በድንገት ብቻውን መተው ግን ሊቀሰቅሰው ይችላል።

እሺ፣ ምን እናድርግ?

1. መጀመሪያ ቅረጹት። ስልክ ሁላችንም አለን። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በወጣችሁ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይታያል። ተኝቶ ቆይቶ ከሰዓታት በኋላ ጫማ የሚያኝክ ውሻ ምናልባት ደብሮት ነው። ደረጃው ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር የሚጮኽ ቤት እየጠበቀ ነው። እናንተ እያላችሁም የሚሸና ከሆነ የሽንት ቧንቧ ሕመም ሊሆን ይችላል። የሚያለከልክ፣ የሚንጎራደድ፣ በር ላይ የሚታገልና ምግብ የማይነካ ከሆነ ግን የመለያየት ጭንቀትን ጠርጥሩ።

2. ዱላና ሰንሰለት ይቁም። የፈራ ውሻ ሲታሰር ፍርሃቱ አይቀንስም፤ ማምለጫው ነው የሚዘጋው። ከበረንዳ ዘሎ በገመዱ ሊታነቅም ይችላል።

3. የቁልፉን ድምፅ ትርጉም አሳጡት። ፓቭሎቭ ውሾች ከምግብ በፊት የሚሰሙትን ድምፅ ከምግቡ ጋር እንደሚያያይዙ ያሳየ ሩሲያዊ ሳይንቲስት ነው። የእናንተም ውሻ ቁልፍ ሲንኳኳ፣ ጫማ ሲደረግ «ሊሄዱ ነው» ብሎ ከወዲሁ መጨነቅ ይጀምራል። ስለዚህ በቀን ብዙ ጊዜ ቁልፉን አንሡና ተመልሳችሁ ቁጭ በሉ። ጫማ አድርጉና ሻይ አፍሉ።

4. መለየትን በጥቂት በጥቂቱ አለማምዱት። ዋናው ሕክምና ይህ ነው። በር ዘግታችሁ ለጥቂት ሰከንድ ውጡ፣ ሳይጨነቅ ተመለሱ። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሦስት። ከተጨነቀ ቸኩላችኋል ማለት ነው፤ ወደኋላ መለስ በሉ። «ይጩህ፣ ይለምደዋል» የሚባለው አይሠራም። ፍርሃት ውስጥ የቆየ ውሻ የሚማረው መፍራትን ነው።

5. ልምምዱ እስኪያልቅ ብቻውን አይዋል። ከባዱ ይህ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ኮንዶሚኒየም ጎረቤት አለው። ጡረታ የወጡ አባት፣ ቤት የምትውል አክስት፣ ከትምህርት ቤት በግማሽ ቀን የሚመለስ ልጅ አይጠፋም። ሄዳችሁ ችግሩን አስረዱ፤ ቪዲዮውንም አሳዩአቸው። በጩኸቱ የተማረረ ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ ልቡ ይራራል።

6. ከመውጣታችሁ በፊት አንሸራሽሩት። ስትወጡ የሚልሰውና የሚፈልገው ምግብ ተዉለት፤ ቀለል ያለ ጭንቀት ላለበት ይረዳል። ወጥ የነካው እንጀራ ግን አይሁን፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።

ስለ ኪኒኑ ደግሞ ልመለስ። መድኃኒት አለ። ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲን እ.ኤ.አ. በ2007 ለዚሁ የውሾች ሕመም በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጸድቋል። የጸደቀው ግን ከልምምዱ ጋር አብሮ እንዲሰጥ ነው፤ ለመሥራትም ሳምንታት ይፈልጋል። መጠኑን የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ነው። የእናታችሁን የእንቅልፍ ኪኒን ቆርሳችሁ እንዳትሰጡት። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌንማ ውሻን ሊገድሉ ይችላሉ። ማደንዘዣ ደግሞ ሰውነቱን ያስተኛዋል እንጂ ፍርሃቱን አያክምም፤ መጮኽ ሳይችል ይፈራል ማለት ነው።

አሁን እኔን እንደ ሐኪም በቀጥታ ወደሚመለከተኝ ልምጣ። ከከተማ ወጥቶ የተጣለ ውሻ አይጠፋም፤ የመንገድ ውሻ ይሆናል። ክትባቱ ያበቃል፣ ይራባል፣ ይነክሳል፣ ይነከሳል። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ ሰውን የሚይዘው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ በኩል ነው። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ ደግሞ ሐኪም የሚያደርገው ነገር የለም ማለት ይቻላል። «ገላገለኝ» ብላችሁ የጣላችሁት ችግር ትምህርት ቤት የሚሄድ የሌላ ሰው ልጅ ላይ ሊደርስ ይችላል። (የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ።) ውሻውን ማቆየት ጨርሶ ካልቻላችሁ ችግሩን ሳትደብቁ፣ ክትባቱን አስከትባችሁ፣ ቤት ሰው ለማይጠፋበት ቤተሰብ ስጡት። ገና ቡችላ ልትገዙ ያሰባችሁም አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ቀን ማን አብሮት ይውላል? መልስ ከሌላችሁ ለጊዜው ተዉት።

ቡቺ ምን ሆነ? ሦስት ወር ገደማ ፈጀብን። ከታች ቤት ያሉ እናት ቀን ቀን ያውሉት ነበር፤ እኔ ማታ ማታ በሩን ስከፍትና ስዘጋ አመሻለሁ። ሙሉ በሙሉ ዳነ አልላችሁም፤ ቤት በእንግዳ ሲሞላና ስንቀያየር ያገረሽበት ነበር። ግን ግማሽ ቀን ብቻውን ተኝቶ መዋል ቻለ። እኔም እንደገና እጄን አላነሣሁበትም።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ አበው፤ ለታማኝነቱ ነው። የእናንተም ውሻ በር ላይ ቆሞ የሚጮኸው እናንተን ብሎ ነው። እህቴ፣ ዛሬ ማታ ለባለቤትሽ ይህን አንብቢለት። ነገ ጠዋት ደግሞ ስልክሽን መደርደሪያው ላይ አድርጊና ውጪ። ቪዲዮውን አብራችሁ እዩትና ከዚያ ወስኑ።

ውሻ ላለው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።