ቡችላውን አታጫውቱት ያለው ማነው?

ቡችላ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚገዛለት ሰንሰለት ነው። ቀጥሎ ልጆቹ ይጠሩና ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸዋል፦ «እንዳታጫውቱት! ውሻ ከተጫወቱበት ይበላሻል።» ይህን ቃል አዲስ አበባ ቆርቆሮ አጥር ውስጥም፣ ገጠር ማሳ ዳርም ሰምቼዋለሁ። ጥግ ላይ ታስሮ፣ ኮስታራ ፊት ብቻ እያየ፣ ማታ ማታ እየተፈታ ያደገ ውሻ ኃይለኛ ይወጣዋል ይባላል። በርበሬ የሚያቀምሱትም አሉ። ዓመት ሳይሞላው ታዲያ ያው ባለቤት «ስጠራው አይመጣም» ብሎ ሲያማርር ትሰሙታላችሁ።

ልጅ ሳለሁ አጎቴ ማሽላውን ከከርከሮና ከዝንጀሮ የሚጠብቅለት ውሻ ነበረው። («ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» ያለው ሰው እሸት አጠገብ አንድ ሌሊት ያደረ አይመስለኝም።) ሩጫውም ጩኸቱም ግሩም ነበር። አንድ ቀን ከርከሮ ተከትሎ ማሳውን አልፎ ገደሉን ይዞ ወረደ። አጎቴ ጉሮሮው እስኪደርቅ ተጣራ። ውሻው ከብዙ ቆይታ በኋላ ምላሱን አውጥቶ፣ ጭራውን እየቆላ መጣ። እግሩ ሥር ሲደርስ «ስጠራህ አትመጣም?» ብሎ በዱላ ጀርባውን አለው። ዱላው ያረፈው እኮ በመጣ ጊዜ ነው! ውሻው ከዚያ ዱላ የተማረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ወደዚህ ሰው መቅረብ ያስመታል። ከዚያ ወዲያ ሲጠሩት ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ይቆምና አንገቱን አዘንብሎ የአጎቴን እጅ ያያል። አጎቴም «እልኸኛ ነው» ብሎ ፈረደበት።

የቡችላ ጨዋታ ምን እንደሆነ ልብ ብሎ ያየ ሰው እንዲህ አይፈርድም። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሬይመንድ ኮፒንገር የአደንን ሂደት በቅደም ተከተል ከፋፍሎ አስቀምጦታል፦ ዓይን መጣል፣ ማድባት፣ ማሳደድ፣ መያዝ፣ መግደል። በግ የሚነዳው ቦርደር ኮሊ ማድባቱና ማሳደዱ ጎልቶበታል፤ የወደቀ ወፍ የሚያመጣው ሪትሪቨር ይይዛል እንጂ አያደቅም። እናንተ ጓሮ ያለው ቡችላም ካልሲ ነጥቆ ሲፈረጥጥ፣ ቅጠል ላይ ሲያደባ፣ የቀሚስ ጫፍ ሲነክስ ይህንኑ እየቆራረጠ ያጠናል። «ተው!» ብሎ በጫማ ከማባረር ይልቅ ጥናቱ ውስጥ ገብቶ ማስተማር ይቻላል።

እንዴት? የካልሲ ኳስ የማያውቅ የአገራችን ልጅ የለም፤ ከዚያ የተሻለ መሣሪያም የለም። ጠባብ ኮሪደር ፈልጉ፤ ከሌለ በግድግዳና በአጥር መካከል ያለው መተላለፊያ ይበቃል። መሬት ላይ ተቀመጡና ኳሷን ወደ ተዘጋው ጫፍ አንከባልሉ። ቡችላው ሮጦ ያነሣታል፤ ይዟት የሚሄድበት መንገድ ግን ወደ እናንተ የሚያመጣው ብቻ ነው። ሲደርስ አፉ ላይ አትንጠቁት። አብዛኛው ሰው ሁሉን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ የተነጠቀ ቡችላ በሚቀጥለው ጊዜ ኳሷን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል። ደረቱን እያሻሻችሁ ይዟት ትንሽ ይኩራባት። ከዚያ ሁለተኛ ኳስ አሳዩት፤ የመጀመሪያዋን ራሱ ይጥላታል። ሦስት አራት ጊዜ፣ ከዚያ በቃ፤ ገና እየፈለገ ሳለ ኳሷ ኪስ ትግባ። ውሎ ሲያድር ሣር ውስጥ ትደበቃለች፤ ቡችላው በዓይኑ ሲያጣት አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ደረቱን ይዞ ጥቂት አስቆይቶ መልቀቅ ደግሞ ትዕግሥትን ያስለምደዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቡችላው የሚያውቀው መጫወቱን ነው።

«ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ፈረንጅም ቢሆን ለረዥም ዘመን በዱላ ያምን ነበር። እንግሊዞች የአዳኝ ውሻ ሥልጠናን «መስበር» ብለው ይጠሩት ነበር። ሃቺንሰን የተባለ የጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1848 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ ይህንኑ ቃል ይዟል፤ ውስጡ ግን ከጅራፍ ይልቅ በሽልማትና በትዕግሥት አሠልጥኑ ይላል። ጠመንጃ ተሸክሞ የዋለ ወታደር ነው እንግዲህ ይህን የሚመክረው።

የማሰሩ ነገር ከዱላውም ይብሳል። በአሜሪካ ሜን ግዛት፣ ባር ሃርበር በሚገኝ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ቡችሎችን ከሰው ለይተው ሰፊ አጥር ውስጥ አሳደጉ። እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት ውጤት እንደታየው እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ሳይቀርባቸው የቆዩት እንደ አውሬ ከሰው የሚሸሹ ሆኑ። ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት እንኳ ከሰው ጋር የዋሉት ግን ለሰው ቀረቡ። እኛ በገዛ እጃችን ጓሮ የምንጥለው በዚያው ዕድሜ ላይ ያለውን ቡችላ ነው። ሽልማት ያሠለጥናል ወይ ለሚል ደግሞ፣ እዚሁ አዲስ አበባ የሳንባ ነቀርሳን በአክታ ሽታ የሚለዩ ትልልቅ አይጦች መሥራታቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? የሠለጠኑት በሙዝና በትንሽ «ቀጭ» በሚል ድምፅ ነው። አይጥን በዱላ አሠልጥኖ ሥራ ያስያዘ ሰው ካለ እኔም ዱላ እገዛለሁ።

የሚፈራ ነገር የለም አልልም። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ እውነተኛ አደጋ ነው፤ ሕፃናት ከቡችላ ጋር ከመቦረቃቸው በፊት ክትባት ይቅደም። ወሰን የሌለው ጨዋታም ሌላ ጣጣ አለው፤ ሠላሳ ጊዜ ወርውሮ ቡችላውን የሚያሰለቸው፣ ጫማ ሲያኝክ የሚስቅለት ሰው ከአጎቴ ብዙም አይሻልም።

«ታዲያ ከሁሉ ጋር የተጫወተ ውሻ ቤት ይጠብቃል?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ከመንገደኛው ሁሉ ጋር ይጫወት ያለ የለም፤ የቤቱ ሰው ያጫውተው። ደግሞስ አሁን ያለን ጠባቂ ምን ዓይነት ነው? በክረምት ምሽት እንግዳ መጥቶ በር ያንኳኳል። «ውሻ አለ?» ይላል ከውጭ። «አንዴ ቆይ፣ ልሰረው» ይላል ባለቤቱ። ሰንሰለቱን ይዞ ይወጣል፤ ውሻው ሰንሰለቱን ሲያይ በቤቱ ጀርባ ይዞራል፤ ባለቤቱ ይከተላል። «ና! ና አንተ! ና እንጂ!» ይሰማል። እንግዳው ዶፍ እየወረደበት ጃኬቱን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ባለቤቱ ሁለተኛውን ዙር ጀምሯል።