ኦርኪድን ከዛፍ ላይ አትላጧት!

ወዳጆቼ፣ «ቲቸር፣ ኦርኪዳችን ለምን ሞተችብን?» ለምትሉኝ፦ ውኃ አብዝታችሁባት ነው። ሱቅ የምትሸጠው ፋላኖፕሲስ በሞቃታማው የእስያ ደን ዛፍ ላይ ተጣብቃ የምትኖር ናት። ሥሯ አየር ይፈልጋል። ጣሳ ሙሉ ዋልካ ውስጥ ተክላችሁ ጠዋት ማታ ካጠጣችኋት ትበሰብሳለች። በዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ ትከሏት፤ አረንጓዴው ሥሯ ሲነጣ ብቻ አጠጧት፤ ውኃው ተንጠፍጥፎ ይውጣ። የእኛ አርብ ገበያ የሌሊት ብርድም አይስማማትም።

ጅማና ቦንጋ ያላችሁ ልጆቼ ግን ከጫካ ልጣችሁ ቤት አታስገቡ። የኛ አገር የዛፍ ላይ ኦርኪድ ዛፉን የምትመጥ ተቀጽላ አይደለችም። እንደ ዱቄት የደቀቀው ዘሯ ያለ ፈንገስ እርዳታ አይበቅልም፤ አንዷን ስትነቅሉ በቀላሉ አትተካም። ለቤት ካማራችሁ የለማችውን ግዙ፤ የጫካዋን እዚያው ሄዳችሁ እዩዋት።