የካቢኔቴን በር መልሱልኝ

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ አዲስ የገባችበትን ቤት ኩሽና በቪዲዮ ላከችልኝ። ከላይ መኖር የነበረባቸው ካቢኔቶች የሉም። በእነሱ ፋንታ ሁለት ረጃጅም ጣውላዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ላያቸው ላይ ነጫጭ ሰሃኖች፣ በርበሬና እርድ የተሞሉ ባለ እንጨት ክዳን ጠርሙሶች፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ወደ ታች የምትወርድ አንዲት ሐረግ። «እንዴት ነው?» አለችኝ። «ያምራል» አልኳት። አልዋሸሁም፣ ያምራል። «ማነው የሚወለውለው?» የሚለውን ጥያቄ ግን ዋጥኩት። ቤቷን ልትመርቅ ላለች ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይባልም። ለእናንተ ግን ይባላል።

ስለማላውቀው ነገር እያወራሁ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ስገባ ሞዱላር ኪችኑ ተገጥሞ ነበር የጠበቀኝ፤ ባለ 60 ሳንቲሜትር የኤምዲኤፍ ሳጥኖች ከላይም ከታችም ተደርድረው። የሚያስቀና ነገር የለውም፣ ግን ሥራውን ይሠራል። ችግሩ ቲክቶክ ነው። በሩን ነቅሎ፣ ሳጥኑን አውርዶ፣ «በፊት» እና «አሁን» እያለ የሚያሳይ ቪዲዮ አይቶ እጁን ያላሳከከው ማን አለ? አናጺ ጠራሁ። ከአራቱ የላይ ሳጥኖች የሁለቱን በር ብቻ ነቀልን። ከምድጃው አጠገብ ያሉትን ሁለቱን ደግሞ ፈታትተን አወረድንና በቦታቸው 1.2 ሜትር ጣውላ ሰቀልን። «በሮቹ ይጣሉ?» አለ አናጺው። እኔ «አዎ» ልል ስል እናቴ ቀደመችኝ፦ «ተዪ፣ አልጋ ስር አስገቢያቸው።» እኔም ሳቅኩባት።

የመጀመሪያው ወር የፎቶ ወር ነበር። ከዚያ ምግብ ማብሰል ጀመርን።

እስቲ የእኛን ኩሽና በሐቀኝነት እንየው። ሽንኩርት ተከትፎ ድስት ውስጥ ይገባል፣ ይቁላላል፣ ዘይት ይጨመርበታል፣ በርበሬ ይገባበታል፣ እንደገና ይቁላላል። ደህና የዶሮ ወጥ ቁሌት ብቻውን ሰዓታት ይወስዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ንጹሕ ውሃ አይደለም፤ ጥቃቅን የዘይት ጠብታ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። የሚያርፈውም ከላይ ያገኘው ነገር ላይ ነው። የጭስ መሳቢያ የሌለው ሰው መስኮት ይከፍታል። በመስኮቱ ደግሞ የአዲስ አበባ አቧራ ይገባል፤ መቼም አንዱ ሰፈር ሳይቆፈር የሚውልበት ቀን የለም። ዘይትና አቧራ ሲገናኙ ያ ሁላችሁም የምታውቁት ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ነገር ይፈጠራል። በደረቅ ጨርቅ አይለቅም፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና ይፈልጋል። በር ያለው ካቢኔት ላይ ይህ ነገር የሚያርፈው በሩ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ጠረግ፣ አለቀ። በር በሌለው ላይ የሚያርፈው እያንዳንዱ ሰሃን፣ እያንዳንዱ ብርጭቆ ላይ ነው።

ጠርሙሶቹንማ ተዉት። እርድ ብርሃን አይወድም፣ ቀለሙ ይለቃል። በርበሬም መስኮት አጠገብ በብርጭቆ ከከረመ ቀይነቱ ይሞታል፣ ሽታውም ይሄዳል። እናቶቻችን በርበሬን ጨለማ ቦታ፣ ክዳኑ በጠበቀ ዕቃ የሚያስቀምጡት የዲዛይን ዕውቀት ስለሌላቸው አይደለም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ቤት የምታግዘኝ ልጅ የማታ ተማሪ ነች። 11 ሰዓት ላይ ወደ ትምህርት ቤት ትወጣለች። ቤት ሆኜ በምሠራባቸው ቀናት ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ደብተር ይዛ ቁጭ ስትል አያት ነበር። መደርደሪያው ከተሰቀለ በኋላ ግን ዱካ ላይ ቆማ ነው የማገኛት። አንድ ቀን ቆጠርኩ፦ 57 ዕቃ። 57ቱን ታወርዳለች፣ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ ጣውላውን ትወለውላለች፣ ከዚያ እኔ ባስተካከልኩት «ቅጥ» መልሳ ትደረድራለች። በሳምንት ሁለቴ። ማንም አላዘዛትም፤ ሲያጣብቅ ዝም ብሎ ማየት ስለማትችል ነው። አንድ ከሰዓት ጨርቁን እንደያዘች ቀስ ብላ፣ «እትዬ፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ብናወጣቸውስ?» አለችኝ። (እትዬ አትበይኝ ብያት ብያት እምቢ ካለች ቆየች።) ስለ ኦፕን ሼልፍ ብዙ አንብቤአለሁ። ከዚህ የበለጠ ትችት ግን አላየሁም።

ይህን ነገር የሚሸጡልን «ሚኒማሊዝም» ብለው ነው። ያነሰው ግን ምንድን ነው? በር አንሷል፣ ማጠፊያ አንሷል፣ የአናጺው ሂሳብም አንሷል፤ እሱን አልክድም። ሥራው ግን አላነሰም፣ ጨምሯል። የጨመረው ደግሞ ቪዲዮው ላይ የማትታየው ሰው ላይ ነው። ሠራተኛ የሌለበት ቤትም ቢሆን ነገሩ አይለወጥም፤ ሚስት ናት፣ እህት ናት፣ ከሥራ መጥታ ጨርቅ የምታነሳው። ጣውላውን የሰቀለው ወንድሜ፣ ባሌ፣ ጓደኛዬ «ቤቱ እኮ ሰፋ!» እያለ ያልፋል።

የወላጆቻችን ቡፌ ላይ ብዙ ቀልደናል። ሳሎን ውስጥ የቆመ ትልቅ ሣጥን፣ ማንም የማይጠጣበት ሲኒ፣ ማንም የማይበላበት ሰሃን፣ ከሠርግ የተረፈ ስጦታ። ለማሳየት መኖር ነው አልን። እሺ፣ ነው። ቡፌው ግን መስተዋት ነበረው። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ይከፈታል፣ ይወለወላል፣ ይዘጋል። ኦፕን ሼልፍ ማለት ቡፌው መስተዋቱን ተነጥቆ፣ ከሳሎን ተነስቶ፣ ዘይት የሚረጭበት ክፍል ሲገባ ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ሞዱላር ኪችን ራሱ የተወለደው ከዚህ ተቃራኒ ሐሳብ ነው። በ1926 ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ ቤቶች አንድ ኩሽና ነደፈች። ስፋቱ 1.9 በ3.4 ሜትር፤ ከብዙ ኮንዶሚኒየም ኩሽና ብዙም የማይርቅ። የምታበስለው ሴት ስንት እርምጃ እንደምትሄድ፣ እያንዳንዱ ሥራ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ በሰዓት የተለካበት ጥናት ላይ ተመርኩዛ ነበር የሠራችው። ሰሃኑ በተንሸራታች መስተዋት ውስጥ፣ ደረቅ ነገሩ ስሙ በተጻፈበት የአሉሚኒየም መሳቢያ ውስጥ፣ ዱቄቱ ትል እንዳይበላው ተብሎ በኦክ እንጨት መሳቢያ ውስጥ። ወደ 10,000 ቤቶች ተገጠመ። እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ሴቲቱን ብቻዋን ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘጋባት ተብሎ በኋላ ተተችቷል፣ ትክክልም ነው። ቢያንስ ግን ጥያቄው «የምትሠራው ሰው ጊዜ እንዴት ይትረፍላት?» የሚል ነበር። መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ እኛ ያንኑ ሣጥን ገዝተን በሩን እንነቅላለን።

ጣውላዬ በስምንተኛው ወር ወደቀ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሆነ ነገር ፈነዳ ብዬ ነው የተነሳሁት። ግድግዳችን ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ። አናጺው ቀዳዳውን በድሪል በስቶ ተራውን ፊሸር ከቶ ቪቴውን አሰረ፤ ፊሸሩ የያዘው ቀጭኗን የብሎኬት ገጽና ልስኗን ብቻ ነበር። አንድ የሸክላ ሰሃን ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ደርዘኑን ከነጠርሙሱ 30 ሳንቲሜትር ወደ ፊት በወጣ ጣውላ ላይ ስትጭኑት ክብደቱ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚጫነው፣ የላይኛውን ቪቴ ከግድግዳው እየነቀለ ነው። ሳጥን ቢሆን ጀርባ አለው፣ ጎን አለው፣ ከጎረቤቱ ሳጥን ጋር ታስሯል፤ ሸክሙን ይከፋፈላሉ። ለብቻው የወጣ ጣውላ ማንም የለውም። ከእናቴ የወሰድኳቸው ስድስት ሲኒዎች አለቁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ቆማ ቁርስ የምትሠራው ልጅቷ ነበረች። ይህን ሳስበው እስካሁን ሆዴን ይለኛል።

«የድሮው ማድ ቤትስ መደርደሪያ አልነበረውም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ነበረው። ላዩ ላይ የነበረው ግን በየቀኑ የሚበላበት ሰሃንና በየቀኑ የሚጠጣበት ኩባያ ነው። በየቀኑ ስለሚታጠብ አቧራው ጊዜ አያገኝም። እንዲህ ያለውን መደርደሪያ አልቃወምም። ከምድጃው የራቀ፣ ክንድ የሚደርስበት፣ አጭር፣ ለባዶ ብሎኬት በተሠራ ማሰሪያ የታሰረ፣ ኤምዲኤፍ ከሆነም መሃሉ ላይ ድጋፍ ያለው፤ አለዚያ ባለ 18 ሚሊሜትሩ ከጊዜ ጋር መሃሉ ይሰምጣል። ጠርዙም በደንብ ይሸፈን፣ ውሃ ከጠጣ እንደ ዳቦ ያብጣል። ቤቱ ሰፊ ይመስላል ለሚለኝም እስማማለሁ፣ ይመስላል። ያ ሁሉ ዕቃ ግን የት ሄደ? የእኔው ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው ጀርባ፣ በካርቶን ነበር።

በሮቹን ከአልጋው ስር አወጣናቸው። ሳጥኖቹም ተመልሰው ተገጠሙ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ ቡናዋን ጠጣች፣ ይሄ ደግሞ ከመናገር ይብሳል። ከአራቱ በሮች አንዱን አልመለስኩም፣ ከምድጃው በጣም የራቀውን። እዚያ ውስጥ በየቀኑ የምንጠጣባቸው ሲኒዎች አሉ፣ በቃ። የወደቀው ጣውላ የተወው ቀዳዳ ካቢኔቱ ስለሸፈነው አይታይም። ልጅቷ በዚህ ሰኔ ፈተና አለባት። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ነች።