አማተር ራዲዮ ለክፉ ቀን ያለው ጥቅም

ሰው ከሰው ጋር ሳይነጋገር ሊኖር የማይችል ፍጥረት መሆኑ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ባላገሩ ከሸንተረር ላይ ቆሞ በማዶ ላለው ጎረቤቱ እየተጣራ ወሬ ሲነግር፥ ያም ተቀብሎ ለሌላው ሲያቀብል፥ ነገሩ እግረኛ መልእክተኛ ከሚደርስበት ጊዜ አስቀድሞ ቆላ ይወርድ ነበር። ተጣሪው ደመወዝ የሚከፍለው አልነበረም፤ ለጎረቤቱ ሲል ይጣራል፥ የሰማውም ለጎረቤቱ ሲል ያቀብላል። ዛሬ አማተር ራዲዮ የሚባለው ሥራ በመሣሪያው ረቂቅነት ይለይ እንጂ በሐሳቡ ከዚህ የራቀ አይደለም።

አማተር ማለት ለደመወዝ ወይም ለንግድ ሳይሆን ጥበቡን ወድዶ በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው ማለት ነው። መሣሪያውም በየቤቱ እንደሚገኘው ራዲዮ የሚያሰማ ብቻ ሳይሆን የሚያናግርም ጭምር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከመንግሥት ፈቃድና የመጥሪያ ምልክት ተቀብሎ፥ በቤቱ ወይም በተማሪ ቤቱ አንቴናውን ዘርግቶ፥ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ካለ መሰሉ ጋር ይነጋገራል። ነገሩን ከሩቅ የሚያዩ ሰዎች ግን ወይ የልጅ ጨዋታ ነው ብለው ይንቁታል፥ ወይ የሰላይ ሥራ ነው ብለው ይፈሩታል። ሁለቱም ሳይመረምሩ የሚሰጥ ፍርድ ስለ ሆነ፥ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ነገሩን ከሥሩ ሊያውቁት ይገባል።

ንቀቱ ስሕተት መሆኑን የራዲዮ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1901 ዓ.ም. ማርኮኒ ከእንግሊዝ አገር የተላከ ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ በኒውፋውንድላንድ እንደ ሰማ ካስታወቀ በኋላ፥ በየአገሩ ብዙ ወጣቶች በገዛ እጃቸው መሣሪያ እየሠሩ ይሞክሩ ጀመር። በዚሁ አቈጣጠር በ1912 የአሜሪካ መንግሥት ሕግ አውጥቶ አማተሮች የሚሠሩበት ሞገድ ርዝመቱ ከ200 ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። በዚያን ጊዜ ለሩቅ መንገድ የሚጠቅመው ረጅሙ ሞገድ ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፥ አጭሩ ሞገድ ለአማተሮች የተጣለላቸው እንደ ጠፍ መሬት ተቈጥሮ ነው። እነርሱ ግን ጠፉን መሬት አለሙት። በኅዳር ወር 1923 ሌዎን ደሎይ የተባለው የኒስ ከተማ አማተር በአሜሪካ ኮኔቲከት ከነበረው ከፍሬድ ሽኔል ጋር፥ ርዝመቱ 110 ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ፥ ውቅያኖሱን ተሻግረው መልእክት ተለዋወጡ። ከዚህ በኋላ መንግሥታትና ኩባንያዎች ራሳቸው ለሩቅ መልእክት ወደ አጭሩ ሞገድ ዞሩ። በ1925 የአማተሮች ዓለም አቀፍ ኅብረት በፓሪስ ተመሠረተ፤ በ1927ም በዋሽንግተን የተሰበሰበው የመንግሥታት ጉባኤ ለአማተሮች የራሳቸውን የሞገድ ድርሻ ለየላቸው።

አጭሩ ሞገድ ሩቅ የሚደርስበት ምክንያት አዮኖስፌር የሚባለው የአየር ንብርብር ስላለ ነው። ይኸውም ከምድር በላይ ከ60 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ፥ ከፀሐይ በሚመጣው ጨረር የኤሌክትሪክ ጠባይ ያደረበት ነው። ሞገዱ ወደዚያ ወጥቶ እንደ ገና ወደ ምድር ይመለሳል። ስለዚህ ሠራተኛው የፀሐይን ጠባይ ማወቅ አለበት፤ የ14 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ብዙውን ጊዜ በቀን ወደ ሩቅ አገር ሲያደርስ፥ ከ7 ሜጋ ኸርዝ በታች ያለው ግን ሩቅ የሚሄደው በሌሊት ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። 100 ዋት ኀይል ያለው ራዲዮ በአንድ የመኪና ባትሪ ይሠራል፤ ለ7 ሜጋ ኸርዝም ከሁለት ዛፍ መካከል የሚታሰር 20 ሜትር ያህል ሽቦ አንቴና ሆኖ ይበቃል። ይልቁንም ለተራራማ አገር የተለየ ጥቅም አለው። በእጅ የሚያዘው አነስተኛ ራዲዮ የሚሠራበት የ144 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል። የ7 ሜጋ ኸርዙ ግን አንቴናው ከምድር ብዙ ሳይርቅ ዝቅ ተደርጎ ሲዘረጋ፥ ሞገዱ በቀን ሽቅብ ወጥቶ በዙሪያው ባለው በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር አገር ላይ እንደ ዝናብ ይወርዳል። በዓባይ በረሃ ወይም በስሜን ገደል ሥር ያለ ሰው ተራራው ሳይከለክለው ከላይ የሚወርደውን ድምፅ ሊሰማ ይችላል ማለት ነው።

ስለ ፍርሃቱ የሚነገረው ነገር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሊናቅ አይገባም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ያለ ምክንያት አልተነገረም፤ መንግሥትም አገሩን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ከዚህም በቀር ሳይማር ራዲዮ የያዘ ሰው ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፤ አውሮፕላኖች የሚነጋገሩበት ከ118 እስከ 137 ሜጋ ኸርዝ ያለው ሞገድ ከአማተሮቹ ከ144 የራቀ አይደለምና። ዳሩ ግን ይህ ማስረጃ የሚመሰክረው ሥራው በትምህርትና በፈተና ሊያዝ የሚገባው መሆኑን ነው እንጂ ሊከለከል የሚገባው መሆኑን አይደለም።

የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሕግ ይህንኑ ይላል። በልዩ ልዩ አገር ያሉ አማተሮች ሲነጋገሩ ትርጓሜው እንዲሰወር አድርገው በምስጢር ፊደል እንዳይላላኩ ይከለክላል፤ በየጥቂቱ ጊዜም የመጥሪያ ምልክታቸውን እንዲናገሩ ያዝዛል፤ ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥትም ዕውቀታቸውንና ችሎታቸውን እንዲመረምር ያስገድዳል። እንግዲህ አእምሮ ያለው ሰው ይፍረድ። ስሙን እየተናገረ፥ ቤቱ በመንግሥት መዝገብ ተጽፎ፥ ዓለም ሁሉ በሚሰማው ግልጽ ቃል የሚነጋገር ሰው ሰላይ ሊባል እንዴት ይችላል? መሠወር የሚፈልግ ሰው ለፈተና አይቀርብም፥ ፈቃድም አይለምንም። ፈቃድ በጠፋበት አገር የሚከለከለው ሕግ አክባሪው ብቻ ነው፤ ሕግ አፍራሹማ ቀድሞውንም ፈቃድ አልጠየቀም።

ከመከልከል ይልቅ መፍቀድ እንዴት እንደሚጠቅም ለማወቅ በሕንድ አገር የሆነውን መመልከት ይበቃል። የአንዳማንና የኒኮባር ደሴቶች ከሕንድ ዋና ምድር በባሕር ተለይተው የሚገኙ ስለ ሆኑ፥ መንግሥቱ ለደኅንነት ሲል ለብዙ ዓመታት አማተር ራዲዮ እንዳይሠራባቸው ከልክሎ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ግን በሃይደራባድ ከሚገኘው የአማተር ራዲዮ ተቋም ለመጡ ጥቂት ሰዎች ለተወሰነ ጊዜ በፖርት ብሌር እንዲሠሩ ፈቃድ ተሰጣቸው። እነርሱም በታኅሣሥ ወር ከመላው ዓለም አማተሮች ጋር በደስታ ሲነጋገሩ ሳሉ፥ በ26ኛው ቀን በሱማትራ አጠገብ የምድር መንቀጥቀጥ ሆነ፤ ባሕሩም ተነሥቶ ደሴቶቹን መታ፥ ስልኩም ተቋረጠ። ያን ጊዜ እነዚያ በጨዋታ የተቈጠሩ ሰዎች ጨዋታቸውን ትተው የአደጋውን ወሬ ወደ ዋናው ምድር ያስተላልፉ ጀመር፤ ልጁ ወይም አባቱ በሕይወት መኖሩን ሳያውቅ የተጨነቀውን ሰው መልእክት ያቀብሉም ነበር። ፈቃዱን የፈረመው ሹም በዚያ ቀን የሚሆነውን አላወቀም፤ ዳሩ ግን ብዕሩ ለስንት ቤተ ሰብ መጽናናት ምክንያት ሆነ። ደግሞም ቢከለክል ኖሮ ምን ይቀር እንደ ነበር ማንም አያውቅም ነበር። የክልከላ ጉዳት እንደዚህ ያለ ነው፤ ያልመጣ መልእክት ድምፅ ስለሌለው ማንም አይከስበትም።

ምናልባት ዛሬ በየሰው እጅ ስልክ ስላለ ይህ ሁሉ ምን ያስፈልጋል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በእጅ ያለው ስልክ የሚናገረው በተራራ ላይ በቆመው ማማ፥ ማማውም በኤሌክትሪክና በመስመር ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲቋረጥ ስልኩ ዘይት ያለቀበት ኩራዝ ይሆናል። አማተሩ ግን ባትሪውንና ሽቦውን ይዞ የወጣ እንደ ሆነ በመካከል የሚለምነው የለም።

ኢትዮጵያም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ከ1932 ጀምሮ የኅብረቱ አባል ስትሆን፥ ለመጥሪያ ምልክቷም መነሻ «ኢቲ» የሚሉት ፊደላት ተሰጥተዋታል። በአዲስ አበባም በቴክኖሎጂ ተማሪ ቤት የአማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ ቆሞ፥ «ኢቲ ሦስት ኤኤ» በሚል ምልክት ተማሪዎች ለዓለም ሲጣሩበት ቆይተዋል። የአገሪቱም መልክዐ ምድር ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ምድር ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ያለቁበት ኀዘን ገና ያልተረሳ ነው። ገደልና ሸለቆ በበዛበት አገር ክፉ ቀን ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ይህ ጥበብ በአንድ ቀን የሚያዝ አይደለም። ዜማ በዓይን ከመጽሐፍ ብቻ እንደማይለመድና በጆሮ ከመምህር አፍ እንደሚቀዳ ሁሉ፥ የሞርስ ምልክትም በነጥብና በጭረት ሥዕል ሳይሆን በድምፁ ነው የሚለመደው። በ2003 በተደረገው የዓለም የራዲዮ ጉባኤ የሞርስ ፈተና ግዴታነቱ ቢቀርም፥ የመስማቱ ልማድ አልቀረም። መልካም ሠራተኛ አስቀድሞ ያዳምጣል፥ ሌላ ሰው በሞገዱ ላይ አለመኖሩን ይጠይቃል፥ ከዚያ በኋላ ባጭር ቃል ይናገራል፤ ከማን ጋር በስንት ሰዓት እንደ ተነጋገረም በደብተሩ ይጽፋል። በጭንቅ ጊዜ አንድ ሰው በእርጋታ ተናግሮ ሌላው ሳያዛባ እንዲጽፍ የሚያደርገው ይህ የሰላም ጊዜ ልምምድ ነው። አደጋ ከደረሰ በኋላ ሠራተኛ ፍለጋ መሯሯጥ «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንደ ተባለው ይሆናል።

ስለዚህ ነገሩ የሚመለከታቸው ሹማምንት ሊያስቡባቸው የሚገቡ ነገሮች ብዙና ከባድ አይደሉም። ፈተናው ምን እንደ ሆነ በግልጽ ይነገር፤ ፈተናውን ያለፈ ሰውም መልሱን በታወቀ ቀን ያግኝ፤ ፈቃድ ያለው ሰው መሣሪያውን ሲያስገባ በጉምሩክ በር ያለ ምክንያት አይጕላላ፤ በየክፍለ አገሩ ያሉ ተማሪ ቤቶች ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይፈቀድላቸው፤ ስለ አደጋ የሚያስበው መሥሪያ ቤትም ስማቸውን መዝግቦ በየዓመቱ አብሯቸው ይለማመድ። ሕዝብ በጭንቅ ጊዜ ከሚሰበሰብበት ደብር አጠገብ አንድ የሠለጠነ ወጣት ቢገኝ ካህናቱም የሰውን ችግር ለሚረዳው ክፍል ለማድረስ መንገድ ያገኛሉ።

ከሸንተረር ወደ ሸንተረር የሚጣራው ባላገር ድምፁን ያሰማ የነበረው በማዶ የሚያዳምጥ ሰው ስለ ነበረ ነው። የሚያዳምጠውን ሰው በሰላም ጊዜ ማዘጋጀት የመንግሥት ፈንታ ነው።